ሁለት ወንድ ያለበት ቤት

ጥር 9 ቀን 1979፣ ናዝሬት

ይሄ ደብተር የሙሌ ነው። ፊት ፊቱን ስለ ሒሳብ አያያዝ ምናምን ጽፎበት ተወውና የተረፈውን ለኔ ሰጠኝ። «እማማ፣ ይሄ አፍሽ አንድ ቀን ያስበላሻል፤ የምትናገሪውን እዚህ ላይ ጻፊው» አለኝ። ለአያቱ እንዲህ ይላል! ግን ምን ላርግ፣ እውነቱን ነው። ትናንት መናኸሪያ ቆሎዬን ዘርግቼ ቁጭ ባልኩበት አንድ ካኪ የለበሰ መጣና በእፍኙ ዘገነ። ቃመ። ደግሞ ዘገነ። «ጓድ፣ ቅምሻ ነው ወይስ ቀለብ?» አልኩት። የአውቶቡስ ረዳቶቹ ሁሉ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ሙሌ ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

እንግዲህ እጽፋለሁ። መሠረተ ትምህርት የገባሁት ለምን ሆነና! የምስክር ወረቀቴ ግድግዳው ላይ አለ፤ አበዛሽ አብተው ይላል በትልቁ። ያስተማረችኝ ልጅ የልጅ ልጄ የምትሆን ነበረች። «እማማ አበዛሽ ያወራሉ እንጂ አይጽፉም» ትል ነበር። ይኸው ሁለቱንም።

ጥር 12

ሚካኤል ገባ። ጉልበቴን አመመኝ። ሙሌ ታቦቱን ሸኝቶ እንደተመለሰ ኳሱን ይዞ ከግድግዳው ጋር ጀመረ። ዱም ዱም ዱም። ጭንቅላቴን! ብዬ ጮህኩ። «እማማ፣ ለግራ እጄ ነው» ይላል። ግራ እጅህ ምን ሆነ? ዱም ዱም።

ጥር 17፣ እሑድ

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጁ ሜዳ ሄድኩ። ቆሎ ልሸጥ ብዬ ነው እንጂ ጨዋታ ላይ ብዬ አይደለም። ከአሰላ መጥተው ነበር የሚጫወቱት።

ስለ ሙሌ ልጻፍ፤ እስካሁን አልጻፍኩም። ሙሉብርሃን ነው ስሙ። የልጄ ልጅ ነው። እናቱ ገና ዳዴ ሲል ሞተችብኝ፤ አባቱ ወዴት እንደወደቀ እንጃ። እኔው ነኝ አባትም እናትም። ዘንድሮ በሰኔ ይጨርሳል። ቅርጫት ኳስ ይጫወታል፤ ጋርድ ነኝ ይላል። መጀመሪያ የነገረኝ ጊዜ «ዘበኛ ለመሆን ነው ኮሌጅ ያስገባሁህ?» ብዬው በሳቅ ሊሞት ነበር። ጋርድ ማለት ኳሱን ከወዲያ ተሸክሞ አምጥቶ ለጓደኞቹ የሚያድል ነው አሉ። እኔ ግን ዛሬ ሳየው ተናደድኩ። ላቡ እየተንጠፈጠፈ ያመጣዋል፣ ሁለቱን ሦስቱን ያልፋል፣ ቅርጫቱ ሥር ይደርስና ለሌላ ይሰጣል! ያ ረጅሙ ያገባዋል፣ ጭብጨባው ለረጅሙ። «ራስህ አታገባውም ወይ አንተ ልጅ!» ብዬ ስጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አሠልጣኙ መጣ ወደኔ። መርዳሳ ይባላል፣ የአቦምሳ ልጅ ነው፣ ሠላሳ ገና አልሞላውም። የሚያስለቅስ ትሕትና አለው። «እማማ፣ ልጅዎት የሚሰጠው ስለሚያይ ነው፤ ሌሎቹ የሚያዩት ኳሱን ብቻ ነው» አለኝ። ከዚያ ምን አለ መሰላችሁ፣ «መቀነትዎን ያውሱኝ»። ፈታሁና ሰጠሁት። ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሙሌን ቀኝ እጅ ወደ ኋላ ጠምዝዞ በመቀነቴ ከወገቡ ጋር አሰረው! «ግራው ሰነፍ ነው። ቀኙ እስካለለት ድረስ ግራው አይሠራም» አለ። ልጄ በአንድ እጁ እየተደናበረ ሜዳውን ሲዞር የቀሩት ይሳሳቃሉ። እኔም ስቄያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቆሎ ስሰፍር ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ይሄን ትንሹን ፋብሪካው ይወስደዋል፣ ካላዘመቱት።» «ፋብሪካ ከገባ ማን ይነካዋል?»

ካላዘመቱት።

ጥር 23

እንቅልፍ የለኝም። ሳሊህ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁት፤ ባለ ሱቁ ሳሊህ ሬዲዮ አለው፣ የማያውቀው የለም። እንዲህ ነው አለኝ፤ ፋብሪካው የራሱ ቡድን አለው፣ በየዓመቱ ከኮሌጁ አንድ ሁለት ልጅ ይወስዳል፣ ሥራም ይሰጣል፣ ለምርት ያስፈልጋል ተብሎ ለብሔራዊ ውትድርና አይጠራም። ዘንድሮ የሚፈልጉት አንድ ጋርድ ነው። ኮሌጁ ውስጥ ደግሞ ጋርድ ሁለት ነው፤ የኔው ሙሌና ቀነዓ የሚባል። ማንን እንደሚወስዱ የሚነግራቸው አሠልጣኙ ነው።

ማለት መርዳሳ ነው።

ተማሪ እስከሆነ አይነኩትም። በሰኔ ሲጨርስስ? የጎረቤቴ የቡዜ ልጅ እንደጨረሰ ነው የወሰዱት። ቡዜ እስከ ዛሬ በር ሲንኳኳ ተነሥታ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

ጥር 30

መርዳሳ ቤቴ መጣ! መቀነቴን ሊመልስ። አጥቦ፣ አጣጥፎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ። ላዩ ላይ ደግሞ ማር በጣሳ። ለእናቱ ሙት ዓመት አቦምሳ ሄዶ ነበር፣ ከዚያ ያመጣው ነው። «እናቴ ቀፎ ነበራት። አሁን የሚቆርጠው ሰው የለም፣ እኔው ቆረጥኩት» አለ። ፊቱ ላይ ሁለት ቦታ ተነድፏል።

ሚስት የለው፣ እኅት የለው። ገንደ ሐራ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ሽሮ በላስቲክ እየገዛ የሚኖር ልጅ ነው።

እኔ ማሩን አየሁት። ማሩ እኔን አየኝ።

ክፋት የለበትም። እናት ለሌለው እናት መሆን ምን ክፋት አለው? ጽድቅ ነው እንጂ። የጡት ልጅ ካደረግኩት የሙሌ አጎት ሆነ ማለት ነው። አጎት የእኅቱን ልጅ ትቶ ባዳ ያስቀድማል?

የካቲት 8፣ እሑድ

ሆነ።

ጋሽ ገመዳን ጠራሁ፣ ለሽምግልና ከሱ ወዲያ ሰው የለም፤ ሳሊህ ደግሞ እስላም ቢሆንም እማኝ ነው፣ እማኝነት ሃይማኖት የለውም። መርዳሳ ሱፍ ኮቱን ለብሶ መጣ፣ እጅጌው አጥሮበታል። ጋሽ ገመዳ በኦሮምኛም በአማርኛም መረቁ። «ሃርመ ሆዳ ነው፣ የጡት ልጅነት፤ ቀልድ አይደለም። ከዛሬ ወዲያ ይህች ሴት ብትሞት ቀባሪዋ አንተ ነህ። አንተ ብትታመም አስታማሚህ እሷ ናት። ማር ማሰሪያ ነው» አሉት። እኔንም ዞረው፣ «አበዛሽ፣ ምላስሽ ፈጣን ነው፤ ዛሬ አስበሽ ተናገሪ» አሉኝ።

አውራ ጣቴን ጡቴ ላይ አስነክቼ ማሩ ውስጥ ነከርኩ። ተንበርክኮ ጠባው። «ልጄ ነህ» አልኩ። ማልቀስ ጀመረ። ሠላሳ ሊሞላው የደረሰ ወንድ ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ «አዮ፣ አዮ» ይላል። እናቱን እንዲህ ነበር አሉ የሚጠራት።

እኔ ለሙሌ ብዬ ነበር። እንባው ቀሚሴን ሲያርሰው ግን ፀጉሩን እየዳበስኩ ሙሌን ረሳሁት። አሁን ስጽፈው እንኳ…

ሙሌ ከውጭ ገብቶ «አሠልጣኜን አጎት አደረግሽብኝ?» ብሎ ሳቀ። «አሁንማ ግራ እጅህን እቆርጠዋለሁ» አለው መርዳሳ እንባውን እየጠረገ። ሁላችን ሳቅን። ጥሩ ቀን ነበር። ጥሩ ቀን ነበር ብዬ ልጽፈው።

የካቲት 11

ልጅ ቤት ተከራይቶ አይኖርም ብዬ መርዳሳን አስመጣሁት። ጓዳውን አጸዳሁለት። ዕቃው አንድ አልጋ፣ አንድ ሻንጣና ፊሽካ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ይሮጣሉ፣ ሲመለሱ ሁለት ባልዲ ውሃ ይጨርሳሉ። አሁን ዱም ዱሙ በሁለት ሆነ። ኧረ ሰዎች!

የካቲት 19

ተበላሸ። ተበላሸ።

መርዳሳ ከሥራ ሲመጣ ዘወር አድርጌ ነገሩን አነሣሁበት። ጾም ስለሆነ ቆሎና ተልባ አቅርቤለት፣ «እንግዲህ የፋብሪካው ሰዎች ሲመጡ…» አልኩት።

«እሱን ልነግርዎት ነበር አዮ። ከዚያ ነገር ወጥቻለሁ።»

«ከየቱ?»

«ከምርጫው። የሙሌ አጎት ነኝ። እኔ ስሙን ብጠራ ለዘመዱ አደላ ይባላል። ቀነዓም ቢሆን ላቡን አፍስሷል፣ የሰው ልጅ ነው። ራሳቸው መጥተው ያዩና የፈለጉትን ይውሰዱ አልኳቸው።»

«መርዳሳ! ለምን የጡት ልጄ ያደረግኩህ ይመስልሃል?»

አፌ! አፌ! ተናግሬ ሳልጨርስ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ተልባውን አነሣና ጠጣ። «አውቃለሁ» አለ። «ያን ዕለትም ዐውቄ ነበር። ግን ማሩ ማር ነው።» ተነሥቶ ጓዳ ገባ።

ዐውቆ ነው የጠባው። ዐውቆ ነው ያለቀሰው። ምን ዓይነት ሰው ነው?

የካቲት 21

አልተቆጣኝም። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ጠዋት ቆሎውን ከነማዳበሪያው ተሸክሞልኝ እስከ መናኸሪያ ድረስ ሄደ። «የርስዎ ልጅ ነው?» አለችኝ አንዷ ቡና ሻጭ። «አዎ» አልኩ። ለማለት ቀላል ሆኖ አገኘሁት።

የካቲት 27

ቀበሌ ሱቅ ስኳር ተሰልፈን ነበር። የሺዓለም ከኋላዬ ናት፤ እንደ እርግማን ሁሌ ከኋላዬ ናት። «አበዙዬ፣ አንቺ ደግሞ ወንድ በሌለበት ቤት ይህን ሁሉ ስኳር ለማን ነው?» አለችኝ። ወንድ የሌለበት! ሰልፉ ሁሉ ጆሮ ሆነ።

እኔ ዝም እላለሁ? «የሺዬ፣ የኔ ቤትማ ዛሬ ሁለት ወንድ ያለበት ነው! አንዱ ያስተምራል፣ አንዱ ይማራል! የቱ ቤት ነው ሁለት እንዲህ ያለ የወንድ ዘር የሚያሳየው?» አልኳት ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። የሺዓለም አፏን ያዘች። እንዴት ደስ አለኝ!

ሊቀመንበሩ ጓድ ተክለሃይማኖት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አላየሁትም ነበር። «እንኳን ደስ ያለዎት እትዬ አበዛሽ። ሁለት?» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«ሁለት» አልኩት።

መጋቢት 6፣ እሑድ

ከቀበሌ ስብሰባ መመለሴ ነው። ነጠላዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ጥሪ መጥቷል። ቀበሌያችን ድርሻ አለው። ሊቀመንበሩ ጓድ ተክሌ ቆሞ እንዲህ አለ፤ «አብዮታችን ሰብአዊ ነው። አንድ ወንድ ብቻ ያለበት ቤት አይነካም፣ ጧሪ ነውና። ሁለትና ከዚያ በላይ ያለበት ቤት አንዱን ያዋጣል። ዘመድ የሌለው፣ ቤት የሌለው ነጠላ ግን በቅድሚያ።» ከዚያ ዐይኑ ሰው መሃል እየዞረ መጥቶ እኔ ላይ አረፈ።

አንድ ወንድ ብቻ ያለበት ቤት አይነካም።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ወንድ ብቻ ያለበት ቤት ነበር የኔ ቤት። እኔ ነኝ በማር ሁለት ያደረግኩት። እኔ ነኝ ሰልፍ ላይ ቆሜ ያወጅኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

የሺዓለም ስትወጣ እጄን ያዘችኝ። «አበዙ፣ እኔ አላሰብኩም ነበር» አለች። እሷ ምን አደረገች? እሷ ጠየቀች እንጂ።

መጋቢት 8

ጋሽ ገመዳ ዘንድ ሄድኩ። የምፈልገውን ሳልናገር ዙሪያውን ዞርኩ፤ ስለ በልግ፣ ስለ ወገባቸው። ከዚያ «ጋሽዬ፣ ለምሳሌ፣ ለምሳሌ ነው፣ የጡት ልጅ ቢፈታ…» አልኩ።

«ማር ከተዋጠ በኋላ ይተፋል?» አሉኝ።

ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

መጋቢት 11

ቁጭ ብዬ መዋል አቅቶኛል። ቆሎው አረረብኝ። መናኸሪያ ሄጄ ማዳበሪያውን ሳላነጥፍ ተመለስኩ። ለሙሌ አልነገርኩትም። ለመርዳሳም። ሁለቱም ሰምተዋል መሰለኝ፤ እነሱም አልነገሩኝም። እራት ላይ ሦስታችን ስለ ሻሸመኔ ቡድን እናወራለን። ከሻሸመኔ ሲመለሱ ላንጋኖ አቁመው ዋኝተው ነበር አሉ፤ መርዳሳ ዋና አይችልም፣ ቀነዓና ሙሌ እግሩን ይዘው ጎተቱት። ሲያወራው ራሱ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ሳቁ አፌ ውስጥ እንደ ጥሬ ባቄላ ነው።

መጋቢት 13

መርዳሳ መቀነቴን እንደገና ተውሶ የሙሌን ቀኝ እጅ አሁንም ያስርበታል። እኔ መቀነት የለኝም፣ በገመድ ነው የምታጠቀው። ዛሬ ግን ከጓሮ ሳያቸው ልጁ በግራው ብቻ ጥልፍልፍ እያለ አሠልጣኙን አለፈው። ጭራሽ አለፈው! መርዳሳ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አጨበጨበ።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ቀበሌ ጠርተውኝ ነበር። መርዳሳ ዘማች ሆነ። ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ። ጉሮሮዬን አቧራ ይዞኛል።

መጋቢት 18

እጽፈዋለሁ እንግዲህ። ካልጻፍኩት ያንቀኛል።

ክፍሉ ውስጥ ጓድ ተክሌ አለ፣ አንድ የማላውቀው መለዮ ለባሽ አለ፣ ጋሽ ገመዳ በሽማግሌ ወገን ተቀምጠዋል። መርዳሳ ከጎኔ። ሙሌ ክፍል ነበር፣ ትምህርት ላይ።

ጓድ ተክሌ እንዲህ አለኝ፤ «እትዬ አበዛሽ፣ ቀላል ነው። ይሄ ሰው ልጅዎት ነው ወይስ ተከራይ? ልጅዎት ካልሆነ፣ ሙሉብርሃን ብቸኛ ወንድ ነውና ይቀራል፤ ይሄኛው ዘመድ የሌለው ነጠላ ነውና በቅድሚያ ይሄዳል። ልጅዎት ከሆነ ግን ሁለት አለዎት፤ አንዱን ያዋጣሉ። ሙሉብርሃን ተማሪ ቢሆንም በሰኔ ይጨርሳል፣ ስሙ ይያዛል። የትኛው እንደሆነ እናት ትናገር። አንድ ቃል ይበቃናል። ልጅዎት ነው?»

አንድ ቃል።

እኔ፣ አበዛሽ፣ ካኪ ለባሹን በቆሎዬ ሰበብ የሰደብኩ፣ ቄሱን ሥጋ ቤት በር ላይ ያሳፈርኩ፣ ዝም በይ ቢሉኝ የምታመም። አዎ ብል ሙሌን ከነሱ እጅ አስገባሁ። አይደለም ብል ጋሽ ገመዳ እዚያው ተቀምጠዋል፣ ማሩ አለ፣ እሱ አጠገቤ ትንፋሹ ይሰማኛል። አፌን ከፈትኩ። አቧራ ገባበት መሰለኝ። አቧራ ነው። ሳልኩ።

ጓድ ተክሌ ጠበቀ። መለዮ ለባሹ ሰዓቱን አየ።

መርዳሳ ተነሣ። «ልጇ ነኝ» አለ። «ታላቁ እኔ ነኝ። ታላቅ ነው የሚሄደው።»

ጋሽ ገመዳ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እኔ እየሳልኩ ነበር።

ቆይቶ፦ ሙሌ ሲሰማ ከኮሌጅ ቀበሌ ድረስ እየሮጠ ሄደ፤ «እኔን ውሰዱ፣ እኔ ነኝ የቤቱ» ብሎ። ጓድ ተክሌ «ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ሂድ ትምህርትህን ተማር» ብሎ መለሰው። ቤት ገብቶ አላናገረኝም። መርዳሳ ነው ያበላው።

መጋቢት 22

ዛሬ ሸኘናቸው። መኪኖቹ ስታዲየሙ አጠገብ ቆመው ነበር። እናቶች እንደ ንብ ነው የሚተሙት። የአንዷ ልጅ ጫማ የለውም፣ የራሷን ሸበጥ ልትሰጠው ትታገላለች። ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ለቀዋል፣ ማን ምን እንዳለ አይሰማም።

መርዳሳ ፊሽካውን ለሙሌ አንገት ላይ አደረገለት። መቀነቴን ለኔ። እንደ ድሮው አጥቦ ያጣጠፈው። «አዮ፣ አሁን አያስፈልገውም። ግራው ተፈታ» አለኝ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝኩት። ስንቅ በሶ አስይዤዋለሁ፣ ከማሩ የተረፈውን ለውሼበት። «ይቅር በለኝ» ልለው ነበር። መኪናው ጮኸ። «ብርድ እንዳይመታህ» አልኩት።

ብርድ እንዳይመታህ! ይሄን ነው ያልኩት።

መጋቢት 25

የሺዓለም ልታጽናናኝ መጣች። «መቼም የሆድሽ ልጅ አይደለም አበዙ፤ እግዜር ያየልሽ። ብልሃት ሠርተሻል» አለች። ሠርተሻል። ብልሃት። ስኒውን ከእጇ ነጠቅኳት። «ውጪልኝ» አልኳት። ያን ጊዜ ምላሴ ሠራ።

ሙሌ በር ላይ ቆሞ ሰምቶ ነበር። ከወጣች በኋላ ጠየቀኝ፤ ካለፈው ሳምንት ሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«አቧራ ጉሮሮዬን ይዞኝ ነው ሙሌ። የናዝሬትን አቧራ ታውቀው የለም…»

«እማማ፣ ያን ሐሙስ ሲዘንብ ነው የዋለው።»

ወጣ።

ሲዘንብ ነው የዋለው። እውነቱን ነው። ቀበሌ በር ላይ ጭቃዬን ጠርጌ ነው የገባሁት።

ሚያዝያ 11፣ ትንሣኤ

ዶሮ ሠራሁ። ለሁለት ሰው ነው፣ የወጣልኝ ግን ለሦስት። ሙሌ በላ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለ፣ እንደ እንግዳ።

ከአንድ የቀበሌያችን ዘማች እናት ጋር ተገናኘን። ማሠልጠኛ ናቸው፣ ደህና ናቸው ይባላል። ይባላል።

ሚያዝያ 18፣ እሑድ

የፋብሪካው ሰዎች መጡ። ሁለት ናቸው፣ ወንበር ይዘው ከሜዳው ዳር ተቀመጡ። ሻሸመኔ ነበር ተጋጣሚው። ቆሎ አልያዝኩም፤ ባዶ እጄን ሄጄ ከግንቡ ሥር ቆምኩ። አሠልጣኝ የለም፣ ሙሌ ራሱ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አድርጎ ነው ልጆቹን የሚያሰልፈው።

አንድም ቃል አልጮህኩም። ሰው አጠገቤ «እትዬ፣ ዛሬ ታመሙ እንዴ?» አለኝ።

ኳሱን በግራው ያንጥረዋል። በቀኝ ይመጣል ሲሉት በግራ ይወጣል፤ የሻሸመኔው ልጅ ሁለቴ ተንሸራቶ ወደቀ። ቅርጫቱ ሥር ይደርሳል፣ ይሰጣል። ለቀነዓ ሳይቀር ይሰጣል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያሰለፋቸው እሱው ነው፣ ፋብሪካው አንዱን ብቻ እንደሚወስድ እያወቀ። ቀነዓ አገባ፣ አገባ፣ አገባ። አሁን ሳየው ገባኝ፣ ለምን እንደሚሰጥ። በስተመጨረሻው ላይ የሚሰጠው ሰው አጣ፣ ሁሉም ተይዘዋል። በግራ እጁ ወረወራት። ገባች።

ሲያልቅ ከሁለቱ አንዱ ሰውዬ ተነሥቶ እጁን ያዘው። ቀርቤ ሰማሁ።

«ይሄን ግራ እጅ ማን ነው ያስተማረህ?»

«አጎቴ ነው» አለ ሙሌ።

«የት ነው ያለው? እሱንም ብናገኘው።»

ሙሌ ቀና ብሎ ሲፈልግ ከግንቡ ሥር አየኝ። ዐይኑን አላነሣም ከኔ ላይ። «እሷን ጠይቁ» አላቸው።

ሰውዬው ወደኔ መጣ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ ዝቅ ብሎ ሰላም አለኝ። «እናቴ፣ አሠልጣኙ የርስዎ ልጅ ነው?»

«ልጄ ነው» አልኩ።

ወጣልኝ። አንድ ቃል ነው። አላነቀኝም፣ አላሳለኝም። ሙሌን ወሰዱት፤ ሰኔ እንደጨረሰ ሥራ ይጀምራል። ለጥሪ ስሙ አይያዝም። የፈለግሁት ሁሉ ሆነልኝ።

ሚያዝያ 19

ሙሌ ዛሬ ማታ ጓዳውን ከፍቶ የመርዳሳን አልጋ ተኛበት። ከዚያ ተነሣና ኳሱን ይዞ ከግድግዳው ጋር ጀመረ። በግራው ነው፤ በድምፁ ዐውቀዋለሁ አሁን፣ ግራው ለስለስ ይላል። ግድግዳው ላይ የምስክር ወረቀቴ እየተንቀጠቀጠ ነው። ዱም ዱም ዱም።

ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። በሩ ክፍት ነው፣ ብጣራ ይሰማኛል።

ዝም አልኩ። ዝም ማለት መቼም አውቄበታለሁ።